አንድ በግ፣ አንድ ባለቤት

ሰኞ ጠዋት እትዬ አልታየች ከጣርማ በር ደወሉልኝ። ሌላ ጊዜ ሰላምታቸው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ የዚያን ዕለት ግን በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ወልደኪዳን፣ የክትባቱ ልጅ ሐሙስ ይመጣል። ቀበሌ የተለጠፈውን ዝርዝር አስነብቤ ነበር። የኔ ሁለቱ አሉ፤ ያንተ በጎች ግን የሉም።»

ለምን እንደሌሉ ሳይጨርሱ ገባኝ። ዝርዝሩን የሚያወጣውን የእንስሳት መዝገብ ፕሮግራም ለቢሯችን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከመሞቱ በፊት አራት እናት በጎች ለእትዬ አልታየች በርቢ ሰጥቶ ነበር። በጉ የአንዱ፣ ጥበቃውና ድካሙ የሌላው፣ ግልገሉ የሁለቱ እኩል ማለት ነው። እናቶቹ ዛሬ የኔ ናቸው፤ ሰባት ግልገሎች ወልደዋል፣ እስካሁን አልተካፈልናቸውም። በመዝገቡ ላይ ግን አሥራ አንዱም በኔ ስም ሰፍረዋል፤ እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ስለዚህ ፕሮግራሙ በጎቹን የሚፈልጋቸው ደብረ ብርሃን፣ እኔ ቤት ነው። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በረንዳ እንኳ የለውም።

«በዚህ በኩል የበግ ፈንጣጣ ገብቷል እየተባለ ነው» አሉኝ። «ሐሙስ ካመለጠን ልጁ የሚመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

«እስከ ሐሙስ አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ» አልኩ። በዚህ ሥራ ላይ አራት ዓመት የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ባይሰጥ ይሻለው ነበር።

ፕሮግራሙ የተጻፈው ሃስኬል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ ሞልቶ ሳለ ይህን የመረጥነው እኔና የዚያን ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ሰይፈሥላሴ ነን፤ እሱ አሁን አዲስ አበባ ገብቶ ሁሉ በሚያውቀው ቋንቋ እየሠራ ይኖራል። በሃስኬል የእያንዳንዱን ነገር ዓይነት አስቀድመህ ትናገራለህ። ከዚያ በኋላ ኮዱን የሚመረምረው ኮምፓይለር ባልከው ነገር ይይዝሃል፤ አንዲት ቦታ ላይ ቃልህን ካጠፍክ አያሳልፍህም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተራቹ ኮምፓይለር አላየም እንጂ ሦስተኛ አድርጎ ይጨምረው ነበር። እኛም ያን ጊዜ «አንድ በግ አንድ ባለቤት አለው» ብለን ጻፍን። በርቢ በግ ያደግኩ፣ ደብተሬ በርቢ በግ የተገዛ ሰው፣ ይህን ስጽፍ ትንሽ እንኳ አልከበደኝም። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ አገሬን ደጅ ላይ ትቼ ነው መሰለኝ የምገባው።

ሰኞ «ባለቤት» ከሚለው አጠገብ «አርቢ» የሚል ጨመርኩ። ኮምፓይለሩ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሲያስብ ቆይቶ ሁለት መቶ ስድስት ስህተት አወጣልኝ። ባለቤቱን የሚጠይቅ ቦታ ሁሉ «የትኛውን?» ይለኛል። ይህን ቋንቋ የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ሲሆን ደስ ይላቸዋል፤ ስህተቱ ገበሬው ዘንድ ሳይደርስ እዚሁ ተያዘ ማለት ነዋ። እኔም ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ደክሞኛል። የአንዱ ስህተት ማብራሪያ አርባ መስመር ነው፤ ከአርባው የሚጠቅመው አንድ ቃል ነው፣ እሱም መሀል ላይ ተደብቆ ይገኛል። አንዱን ስጠግን አምስት ይወለዳል። እንደ በጎቹ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ነበርኩ።

ማክሰኞ አንድ ነገር ጨርሶ አልገባኝ አለ። የምጠይቀው ሰው በከተማው የለም። ኢንተርኔት ላይ ጥያቄዬን ጻፍኩ፤ ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው አንድ ደግ ሰው የሃያ ስምንት ገጽ ጥናት ላከልኝ። እስከ ገጽ አራት አነበብኩና ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ረቡዕ ደግሞ ለማስተካከያው የሚያስፈልገኝን፣ ላይብረሪ የሚሉትን ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ኮድ ሳወርድ ግማሽ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስም ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እንደገናም ጠፋ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነገሩን ከሰኞ ጀምሮ የምታውቀው የቢሯችን ኃላፊ ሠናይት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስንት ቀረ?»

«ሰማንያ አራት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ዘጠና።»

ስክሪኑን ትንሽ አየችው። «ወልዴ፣ ዳታቤዙን ክፈትና ያንተን ስም አጥፍተህ የሴትየዋን ጻፍ። አንድ መስመር ነው።»

«ውሸት ይሆናላ።»

«በጎቹ ያነባሉ እንዴ?»

አራት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው «ይህን መዝገብ በእጅ ማንም አይነካውም» እያልኩ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። «ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚበላሸው በአቋራጭ ነው» እያልኩ ሰው አሰልችቻለሁ። ሠናይት ይህን አላነሳችብኝም፤ ብታነሳው ይሻለኝ ነበር። ዳታቤዙን ከፈትኩ። አሥራ አንዱንም በጎች «ባለቤት፦ አልታየች፣ ጣርማ በር» አደረግኳቸው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። እውነቱን ለመናገር፣ ቅልል አለኝ። ሦስት ቀን የተሸከምኩትን ሸክም ያወረድኩ ያህል ሆነ።

እትዬ አልታየች ዘንድ ደውዬ ዝርዝሩ ተስተካክሏል አልኳቸው። እንዴት እንደተስተካከለ አልነገርኳቸውም። መረቁኝ።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«ልጁ መጥቶ ሄደ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀና ያለ ነው። «ዘርአ ዳዊት ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ስልኩን እያየ ‹አሥራ ሦስት በግ አለዎት፤ ሁሉም የእርስዎ ናቸው?› አለኝ። ‹ሁለቱ የኔ፣ አሥራ አንዱ የወልደኪዳን ናቸው፤ ግልገሎቹንም ገና አልተካፈልንም› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«‹እማማ፣ ብቻ አዎ ይበሉኝና ልውጋቸው፤ አይደለም ካሉ ስልኩ አይቀበለኝም፣ ያልተመዘገበ ከወጋሁ ደግሞ እጠየቃለሁ› ብሎ ለመነኝ። ልጄ፣ አባትህ አደራ ያለኝን፣ እሱ አፈር ከገባ በኋላ፣ ሰው ፊት ቆሜ የኔ ነው ልበል? ብሞት አላደርገውም!»

ያቺን ጥያቄ የጻፍኳት እኔ ነኝ። አንዱ የሌላውን በግ በስሙ እንዳያስመዘግብ ብዬ ነው፤ «አይደለም» የተባለባቸው በጎች መዝገብ ይዘጋል። ስጽፋት ሌባ ነበር በሐሳቤ የነበረው።

«እና አልተከተቡም?»

«የኔ ሁለቱ ተከትበዋል። ያንተዎቹ ይቆዩ፤ ሁለት ወር ምን አላት!»

«ደህና ናቸው ግን?»

«ደህና ናቸው። ጥቁሯ እናት ብቻ ከትናንት ጀምሮ ከመንጋው ተነጥላ ትቆማለች። ዓይኗም ያለቅሳል። ብርዱ ይሆናል።» ፈንጣጣ ሲጀምር ዓይን እንደሚያስለቅስ ቢሮ ውስጥ ሰምቻለሁ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ወልደኪዳን፣ አንተን ሰርዞ በኔ ስም የጻፈው ማን ይሆን? ከቢሯችሁ ሰው አለ መሰለኝ፣ የሰው ሀብት የማያከብር። ፈልገህ አግኘው፤ ሌላውንም ሰው እንዲህ እንዳያደርግ።»

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አጣራለሁ፣ እትዬ» አልኩ።