የማያፈራው ምሳር ገንፎ

ከገፈርሳ ግድብ በታች ወንዙ ዳር ሁለት ምሳር ገንፎ የሚባሉ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። የአገሩ ሰው ሃንጋዲ ይላቸዋል። በጋ ከክረምት ቅጠላቸው አይጠወልግም። አንደኛው ኅዳር ላይ ቀይ ፍሬ ይለብስና ወፉ ሁሉ ይሰፍርበታል፤ ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁትም ከሥሩ ተቀምጠው ነው። ሌላው ያብባል እንጂ ፍሬ አይቶ አያውቅም።

የዛፎቹ ባለቤት አከራዬ ኦቦ ኢተፋ ናቸው። እኔ ከወላይታ ለግንበኝነት መጥቼ ጓሯቸው ውስጥ እኖራለሁ።

በ2008 ኅዳር፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ ወጣቶች መንገድ የሚዘጉበት ግንድ ፍለጋ መጡ። ልጃቸው ቢቂላም አብሯቸው ነበር። ኦቦ ኢተፋ የዕርቁን ዛፍ እንዳይነኩ ለምነው፣ የማያፈራውን ውሰዱ አሏቸው።

«ለሥራ ፈት ሥራ ፈቱን መረጡልን» አለ ቢቂላ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። መጥረቢያውን ያነሳው እሱ ነበር።

በዚያው ቀን መንገድ ላይ ተይዞ ተወሰደ። የት እንደገባ የሚነግረን ጠፋ።

እናቱ አዴ ደጊቱ፣ የሄደው ፍሬው ቀልቶ ሳለ ነውና ዳግም ሲቀላ ይመለሳል ብለው ተስፋቸውን ዛፉ ላይ ጣሉ። ጠዋት ጠዋት እየወረዱ ያዩታል። ዛፉ አበበ። በዓመቱ ኅዳር መጣ፤ አንድም ፍሬ አልያዘም። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አሉ። ልጄ ሞቷል፣ እግዜር በዛፉ ነገረኝ ይላሉ።

አንድ ጊዜ ከሬዲዮ የሰማሁት ትዝ አለኝ፦ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ዛፍ አለ፤ ሴቷ የምታፈራው ወንዱ አጠገቧ ሲኖር ነው። ብናገር ጥፋቱ በኦቦ ኢተፋ ላይ ሊወድቅ ነው። ጸለይኩና ለብቻቸው ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሚስታቸው ገቡ።

«ደጊቱ፣ ወንዱን ዛፍ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ፍሬ የጠፋው በዚያ ነው» አሏቸው። «ዛፉ ስለ ልጃችን የሚያውቀው ነገር የለም።»

አዴ ደጊቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ተከተልናቸው። ከጉቶው ጎን ለጋ ቀንበጥ ወጥቶ፣ ጫፉን ከብት ግጦታል።

«እሾህ አምጣልኝ፣ ሕዝቅያስ» አሉኝ አዴ ደጊቱ።

ሦስታችን አጠርነው። ከጨረስን በኋላ ኦቦ ኢተፋ ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው ለሚስታቸው ሰጧቸው። ተቀብለው ቀመሱ።