ላይ ቤት የማይከፈተው ፎልደር

“አሁንም እምቢ ካልክ በመስኮት ነው የምወረውርህ!” አለው ጡረተኛው የስልክ ቴክኒሺያን ኮምፒውተሩን፣ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል። በሁለተኛው ላፕቶፕ፣ በልጁ ስምና የይለፍ ቃል ገባ። ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ግራ ያጋባውም ይኸው ነው። ልጁ ሚጣ ከባሏ ጋር የምትኖረው ከእሱ በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ በመካከላቸው አሥራ ስምንት ደረጃ አለ፤ ዋይፋዩም የጋራ ነው። ትናንት በስልክ “ሞከርኩ እኮ አባዬ፣ ፈቃድ የለሽም አለኝ” ብላዋለች። እሱም ቁርሱን ረስቶ፣ ፎልደሩን ከያዘው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሸጎጠው አሮጌ የሊኑክስ ሰርቨር ጋር ከጠዋት ጀምሮ ግብግብ ገጥሟል። በፋይሎቹ ባለቤትነት የተመዘገበው ስም ትክክል ነው። “ቤተሰብ” የሚለው ቡድን የማንበብ ፈቃድ አለው፤ ሚጣም ቡድኑ ውስጥ አለች። እንከን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣ።

ፋይሎቹ የሟች ሚስቱ ድምፅ ናቸው። እሱ የስልክ መስመር ሊዘረጋ ከአገር አገር በሚዞርበት ዘመን በካሴት እየቀዳች ትልክለት ነበር፤ ሚጣም ከጀርባ ስትኮላተፍ ትሰማለች። አሥራ አራቱን ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ሁለት ወር ፈጀበት። ብቻውን መስማቱ ግን ከብዶታል።

በመጨረሻ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። መዝገቡ የገባውንም ተከልክሎ የተመለሰውንም፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ጭምር ይጽፋል። ፎልደሩን ካጋራት ወዲህ ባለው ሦስት ሳምንት ውስጥ ከሚጣ ኮምፒውተር አንድም ሙከራ የለም።

ሆድ ባሰው። ስልኩን አንስቶ ደወለ።

“ሚጣዬ፣ ያ ነገር...”

“ውይ አባዬ፣ አስተካከልከው? ስንቴ ሞከርኩ መሰለህ! ቆይ፣ አሁን ልየው።”

ከራሱ በላይ፣ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ እርምጃዋ ተሰማው። ከተከፈተላት መዋሸቷ ይታወቅባታል። ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ ጭራሽ ወደ እሱ መውረዷን ትተዋለች። ስልኩን በትከሻው ደግፎ የቡድኑን ፈቃድ የሚያነሳውን ትእዛዝ ጻፈ።

“አባዬ... እውነትም እምቢ አለኝ እኮ!”

“እውነትም” ማለቷን እንዳልሰማ ሆነ።

“ሰርቨሩ አርጅቷል” አላት። “ከእኔ ኮምፒውተር በቀር አይከፈትም። ሲመችሽ ውረጂና አብረን እንስማው።”

ሚጣ፣ “የእማዬን ድምፅ... እፈራለሁ እኮ” አለች።

“እኔም እፈራለሁ።”

“እሺ አባዬ። እናያለን” ብላ ዘጋች።

መዝገቡን መልሶ አየው። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከራሷ ኮምፒውተር የሞከረችው ሚጣ አለች፤ ተከልክላ ተመልሳለች። ፈቃዱን ለመመለስ አንዲት ትእዛዝ ትበቃ ነበር። አልጻፋትም። ተነሣና፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የተከመሩትን ካሴቶች ወደ ወለሉ አወረደ።