ሰፊውን ሕዝብ የወከለው እንቁላል

በዚያ ዓመት መስከረም ሁለት ቀን በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ እንቁላል የጠፋው በኢምፔሪያሊዝም ሴራ አልነበረም። ክረምቱን ፈንግል ገብቶ የእስቴን ዶሮ ፈጅቶታል፤ ከፈንግል የተረፈውን ደግሞ እንቁጣጣሽ ጨረሰው። የአብዮቱ በዓል የሚውለው ዶሮ ወጥ ተበልቶ ባደረ ማግስት ስለሆነ፣ በዚያን ቀን እንቁላል ፍለጋ የወጣ ሰው የሚያገኘው ላባ ብቻ ነው። አብዮቱን ያፈነዱት ሰዎች ቀኑን ሲመርጡ ይህን አላሰቡበትም።

የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ንጉሴም አላሰበበትም። እሱ ያሰበው ስለ መፈክርና ስለ ውድድሩ ነበር።

ውድድሩ በራሱ ደግ ነገር ነው። ለመንደር ምሥረታ ዘመቻ የመጡ የምህንድስና ተማሪዎች ክረምቱን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተከፋፍለው ከርመዋል። ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ዝናብ በጠና ቁጥር ከገደሉ ድንጋይ እየተናደ መንገደኛውንም ከብቱንም ይፈጃል። ተማሪዎቹ ይህን አይተው፣ የሚወርደውን ድንጋይ የሚችል የኮንክሪት ከለላ እንሥራ ተባባሉ። ሦስቱም ቡድን አንዳንድ ናሙና ይሠራል፤ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ እንደ በር ሁለት እግርና ጉበን ያለው። ከሥሩ አሸዋ ላይ እንቁላል ይቀመጣል። ከላይ ከተበላሸ ወፍጮ የተነቀለ ከባድ ብረት በቆመ ግንድ ላይ በገመድ ተስቦ ይለቀቅበታል። እንቁላሉ ካልተሰበረ ከለላው ደኅና ነው ማለት ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

በበዓሉ ጧት ጓድ ንጉሴ አብዮት ጠባቂውን መልአኩን ጠርቶ፣ "እንቁላል ሳትይዝ እንዳትመለስ" አለው። መልአኩም ጠመንጃውን አንግቶ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ሰው መቼም ለመዝረፍ ሲታዘዝ የሚያውቀውን ቤት ያስቀድማል።

ጎረቤቱ ባንቺዓለም ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የገብስና የባቄላ ማሳዋን በእኩል እያሳረሰች የምትኖር ሴት። ፈንግል ከዶሮዎቿ ሁሉ አንዲት ገብስማ ብቻ ነበር የተወላት። እርባታውን እንደገና ለመጀመር ወገዳ ከተማ እኅቷ ዘንድ ድረስ በእግሯ ወርዳ፣ በሽታው ካልገባበት ቤት እንቁላል ለምና፣ ጤፍ ውስጥ ቀብራ፣ እንደ ታቦት ተጠንቅቃ ተሸክማ አምጥታ ለገብስማዋ አስታቅፋለች። አሁን ሊፈለፈሉ ዛሬ ነገ የሚሉ ናቸው።

"እትዬ ባንቺ፣ አብዮቱ እንቁላል ይፈልጋል" አላት መልአኩ።

"የራሱን ዶሮ አያረባም እንዴ?"

"ለመብል እኮ አይደለም። ለውድድር ነው። እንዳይሰበር ይሞከራል።"

"እንዳይሰበር ከሆነማ ይኸው እዚህ ከዶሮዬ ሥር አልተሰበረም። ሂድና ዶሮዋ አሸንፋለች በላቸው።"

መልአኩ እጁን ከዶሮዋ ሥር ሰደደ። ገብስማዋ ደም እስኪወጣው ጠቀጠቀችው፤ በዚያን ቀን በእስቴ ተቃውሞዋን በይፋ የገለጠች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

"አንተ መልአኩ! ነፍስ አለባቸው እኮ! እስቲ ጆሮህን አስጠጋና ስማ!"

"ታዝዤ ነው፣ እትዬ ባንቺ" አለ፤ እንቁላሎቹን በሙሉ በቆቡ አድርጎ ወጣ። እሷም ነጠላዋን አገልድማ፣ በሯን እንኳን ሳትዘጋ ተከተለችው።

በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከተማው ተሰብስቧል፤ ያልመጣ ስሙ ይጻፋልና። የእስቴዎቹ ከለላ የፈሰሰበት የጣውላ ካሳፎርማ ሲነሣለት እንደ ገንፎ ተቀምጦ ስለቀረ ከውድድሩ ወጥቷል። የጋይንቱ ቡድን መሪ ደምሌ በከለላው አጠገብ ቆሞ ጥፍሩን ይነክሳል። ያስጨነቀውን እሱ ያውቃል፤ ኮንክሪቱን እንዲያጠነክር በውስጡ ሊቀበር የተዘጋጀውን ሽቦ ጓድ ንጉሴ ለመፈክር መስቀያ ወስዶበታል። በሽቦው ምትክ ቀይ ቀለምና ኮከብ ቀብተውለታል። ከስማዳ ቡድን የመጣችው ዓለምጸሐይ ግን ፈጣን ነበረች፤ የእሷን ሽቦ ሊወስዱ ሲመጡ ሽቦው በኮንክሪቱ ተውጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከለላዋን እርጥብ ጆንያ እያለበሰች፣ ውሃ እያጠጣች እንደ አራስ ስትንከባከበው ከርማለች።

ጓድ ንጉሴ አንዱን እንቁላል ወደ ሰማይ ከፍ አደረገ።

"ጓዶች! ይህ እንቁላል እንዳይመስላችሁ!"

"ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ ከፊት የተቀመጡት አባ ወልደ ሩፋኤል፤ ሽማግሌው የጠየቁት ከልባቸው ነው።

"ሰፊው ሕዝብ ነው! ከለላው አብዮታችን ነው! ከላይ የሚወርደው ብረት ኢምፔሪያሊዝም ነው! አባቶች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። 'ቀስ በቀስ' የአድኃሪ አነጋገር ነው! እኛ በዘመቻ እናስኬደዋለን!"

ተጨበጨበ። ባንቺዓለም ሰው እየገፋች ከፊት ደረሰች።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ እንቁላል የኔ ነው። ጫጩት አለበት። ሌላ ያምጡ እንጂ ይህ አይሆንም።"

"ጓዲት፣ 'የኔ' የሚለውን ቃል አብዮቱ ቀብሮታል። ወደ ኋላ!"

ሁለት ጠባቂዎች ክንዷን ይዘው አቆሟት። ደምሌ ከከለላው ሦስት እርምጃ ራቀ። እንቁላሉ ከቀዩ ከለላ ሥር ተቀመጠ። መልአኩ ብረቱን በገመድ ስቦ ለቀቀ።

ከለላው እንደ ደረቀ ኩበት ተሰባበረ። ጭብጨባ ጀምረው የነበሩ እጆች በአየር ላይ ቀሩ፤ ከፍርስራሹ መሐል የወጣው አስኳል አልነበረምና። ላባው የበቀለ፣ አፉ የተሠራ፣ እርጥብ ጫጩት ነበር። አንድ ጊዜ እግሩን ዘረጋና አበቃ።

"እግዚኦ!" አሉ ሴቶቹ።

ባንቺዓለም ከያዟት ሰዎች መንጭቃ ወጥታ ጫጩቱን ከድንጋዩ መሐል ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። ማንም አልከለከላትም።

ሰፊው ሕዝብ፣ ጓድ ንጉሴ ራሱ በአደባባይ ባስተዋወቀው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቀይ ኮከብ ባለበት ከለላ ሥር ሞቶ ታይቷል። ይህን ለበላይ አካል እንዴት ብሎ ያቀርበዋል? ከኮሚቴው ጋር አንገት ለአንገት ገጥሞ ተንሾካሾከና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓዶች፣ ትንሽ እርማት አለ! እንቁላሉ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ብረቱ ሰፊው ሕዝብ ነው። ሰፊው ሕዝብ ኢምፔሪያሊዝምን እንዴት እንደደመሰሰው አይታችኋል!"

"ከለላውስ?" አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል።

"ከለላው… ከለላው የጠላት ምሽግ ነው።"

"ኮከቡስ?"

"አባ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ላይ ነው!"

ዓለምጸሐይ እጇን አወጣች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ከለላው እንዳይሰበር ነው እኮ የሠራነው። እንቁላሉ ከተሰበረ ወደቅን ማለት ነው። ድንጋዩ እኮ ሰው ላይ ነው የሚወርደው!"

"ቴክኒኩን ከፖለቲካው አትነጥይ። ቀጥል፣ መልአኩ!"

ሌላው እንቁላል ከስማዳው ከለላ ሥር ገባ። ብረቱ ወረደ። ከለላው ጓ! ብሎ ጮኸና ብረቱን ወደ ጎን አሽቀነጠረው። ዓለምጸሐይ በደረቷ ተኝታ ከሥሩ አየች። "ደኅና ነው!" ብላ በደስታ ዘለለች። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ለኢምፔሪያሊዝም እያጨበጨበ መሆኑ ሲገባው እጁን ኪሱ ከተተ።

"ከፍ አድርገህ ልቀቀው!" አለ ጓድ ንጉሴ።

ከፍ ብሎ ተለቀቀ። እንደገናም እስከ ግንዱ ጫፍ ተስቦ ተለቀቀ። ከጉበኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየች፤ እግሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፣ እንቁላሉም አሸዋው ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንዲት ልጅ እግር ተማሪ ከነሽቦዋ ያንን ሁሉ ብረት ቻለች። ሌላ አገር ቢሆን ትሸለማለች። እዚህ ግን ሊቀመንበሩ ፊቱ እየጠቆረ፣ "መዶሻ አምጡ!" አለ።

መልአኩ ብረቱን ደግሞ ወደ ላይ ስቦ እንደያዘ፣ መዶሻው ከመምጣቱ በፊት ባንቺዓለም መጥታ ከለላው ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እግሯን ገጥማ፣ በተንጠለጠለው ብረት ትክክል ሥር።

"ተነሺ!"

"አልነሣም።"

"ብረቱ ይወርድብሻል!"

"ይውረድ! ከቤቴ ስትወስዱት እንቁላል ነበር። እዚህ ስታመጡት ሕዝብ ነው አላችሁ። ሰብራችሁ ስትጨርሱ ጠላት አደረጋችሁት! የገደላችሁት አንሶ ስሙን ታጠፋላችሁ? እኔንስ አሁን ምን ልትሉኝ ነው? ንገረኝና ልወቀው፤ ሕዝብ ነኝ ወይስ ጠላት? ወይስ ከሞትኩ በኋላ ነው የሚወሰነው?"

ቀድሞ "እርስዎ" ብላ ያነጋገረችውን ሊቀመንበር "አንተ" ስትለው ከሜዳው ጉርምርምታ ተነሣ። መልአኩ ገመዱን እንደያዘ ነው።

"ጓድ፣ ምን ላድርግ?" አለ። "ከበደኝ እኮ።"

ጓድ ንጉሴ ሕዝቡን ተመለከተ። ሕዝቡም እሱን ተመለከተ። አባ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ሄደው ከባንቺዓለም ጎን ቆሙ። ከዚያ አማረች የምትባል ጠላ ሻጭ ተነሣች። "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" እያለች ሄዳ ቆመች፤ ለማን እንዳለችው ግን አልተናገረችም።

"ዝግጅቱ በዝናብ ምክንያት ተቋርጧል!" አለ ጓድ ንጉሴ። ሰማዩ እንደታጠበ ብርሌ ጥርት ብሎ ነበር። መልአኩ ብረቱን ቀስ ብሎ ወደ ጎን አወረደው። "ከዚያ በፊት ግን ውጤት! አንደኛ፣ የጋይንት ቡድን!"

"ጓድ፣" አለ ደምሌ፣ "የኛ እኮ ተሰበረ።"

"ስለዚህ ነው ያሸነፋችሁት!"

ደምሌ የተሰጠውን ባንዲራ ይዞ፣ እንደ ሬሳ ሣጥን ተሸካሚ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ባንቺዓለም እንቁላሉን ከከለላው ሥር፣ የቀሩትንም ከመልአኩ ቆብ ለቅማ በደረቷ ከተተች፤ በመቀነቷ አጥብቃ አሰረችና ቤቷ ገባች። ገብስማዋ ግን ጎጆዋ ባዶ መሆኑን አይታ መታቀፉን ትታለች፤ ጓሮ ትጭራለች። ቢለምኗት፣ ቢያስገቧት፣ በእንቅብ ቢከድኑባት አሻፈረኝ አለች። እንደሷ ያለ ዶሮ አንዴ ከተከዳ አይመለስም። ስለዚህ ባንቺዓለም ራሷ ታቀፈች። በጎኗ ሳትተኛ፣ ማገዶ ሳትሸከም፣ ሰው ስታይ ደረቷን በሁለት እጇ እየከለለች አደረች፣ ዋለች።

በማግስቱ ለሂስና ግለ ሂስ ተጠራች። ዓለምጸሐይም ተጠርታለች፤ ወንጀሏ ለኢምፔሪያሊዝም ምሽግ መሥራት ነው። ጓድ ንጉሴ በስብሰባው አዳራሽ ቆሞ ስለ ንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰው ያንቀላፋል። በመካከሉ ከወደ ባንቺዓለም ቀጭን ድምፅ መጣ። ጭው፣ ጭው።

"ማነው ያለ ዕድል የሚናገረው?" አለ ጓድ ንጉሴ።

"ከናንተ የተረፈው ነው" አለች ባንቺዓለም።

አዳራሹ ከእንቅልፉ ነቃ። አንገት ተመዘዘ። ባንቺዓለም ተነሣች።

"ግለ ሂስ አድርጊ ብላችሁኛል፣ ላድርግ። አጥፍቻለሁ። መልአኩ ደጄ ላይ ሲቆም 'ደኅና አደርክ' ብዬ በሬን ከፍቻለሁ። ሌላ ጥፋት የለብኝም። ይህች ልጅም ጥፋት የለባትም፤ ሥራዋን ዐውቃ መሥራቷ ካልሆነ። እናንተስ? እስቲ አንዳችሁ ተነሡና ያንን ጫጩት እኔ ገደልኩት በሉ። አንድ ሰው!"

ኮሚቴው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

"እነዚህ ስብሰባ አይችሉም፤ ይበርዳቸዋል" አለችና ደረቷን ደግፋ ወደ በሩ ሄደች። ዓለምጸሐይ ወንበሯን ገፍታ ተከተለቻት።

"ስብሰባው አልተበተነም! መልአኩ፣ በሩን ያዝ!"

መልአኩ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ሲያልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እትዬ ባንቺ፣ ያንን የሞተውን ምን አደረግሽው?" አላት።

"ደጄ ላይ ቀበርኩት" አለችው። "ደግሞ ታዝዤ ነው ብለህ ስትመጣ፣ ተራምደኸው ትገባለህ።"