የሰሌን ሠሪዎቹ ቃለ ጉባኤ

ኅብረቱ ዘንድሮ ስለ ራሱ ታሪክ መጽሔት አሳትሟል። ሽፋኑ ያምራል። ስለ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ገጽ፣ ስለ አሰብ አንድ መስመር አለበት፤ «በ1964 ዓ.ም. በአሰብ የሚገኙ ሁለት የሴቶች ማኅበራት ኅብረቱን ተቀላቅለዋል» ይላል። ተቀላቅለዋል! ስኳር ሻይ ውስጥ የተቀላቀለ ይመስል። አንድ ሊሆኑ ሲሉ እንዴት ሁለት እንደሆኑ የማውቀው እኔ ነኝና ልጻፈው።

ኅብረቱ በየከተማው ተበታትነው የነበሩ የሴቶች ማኅበራት የተሰባሰቡበት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ስም ይጠራል፣ በራሱ ድምፅ ይወስናል። በዚያ ዓመት በጥቅምት አንድ ሰርኩላር ደረሰን። አባል መሆን የሚፈልግ ማኅበር ሠላሳ አባላት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይኑረው ይላል። ይህን ያላሟላ በዚያው ከተማ ባለው ሌላ ማኅበር ሥር ይጠቃለላል።

አሰብ ውስጥ «ሌላ ማኅበር» የሚባለው የወይዘሮ እቴናት ብቻ ነበር። ወይዘሮ እቴናት ከጎንደር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሹም ባለቤት ናቸው። ማኅበራቸው የሹማምንትና የመምህራን ሚስቶች የተሰበሰቡበት፣ ለድሃ ልብስ የሚሰፋ፣ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ችግራቸው ደግነታቸው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ መፍሰሱ ነው።

የእኛ የሰሌን ሠሪዎች ማኅበር ነው። አርባ አንድ ሴቶች፣ ከእኔና ከአንዲት ሌላ ሴት በቀር ሁሉም አፋር። የዘንባባ ቅጠል አብረው ያስመጣሉ፣ አብረው ይታታሉ፣ አራስ ይጠይቃሉ፣ የሞተባትን ያስተዛዝናሉ። አማርኛ ይሰማሉ፤ ስብሰባቸው ግን በአፋርኛ ነው። መሪያችን እማማ ዙሌይኻ ናቸው፤ ባላቸውን ባሕር ወስዶባቸው አምስት ልጆች ሰሌን እየታቱ ያሳደጉ ሴት።

እኔ ዓለምዘውድ እባላለሁ፤ ጸሐፊያቸው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። አባቴ የወደብ ዘበኛ ነው፤ ከደሴ ሲመጣ ከእኔና ከአንድ ሳጥን በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ስኳርና ሻይ ቅጠል የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ፣ የሱቅ ደጃፍ ጽሑፍ እያነበብኩ፣ ያቃተኝን ፊደል መንገደኛ አስቁሜ እየጠየቅሁ ተማርኩ። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ወንዶች ማመልከቻ ሊያስጽፉኝ ይመጣሉ። ማፈሩን ለእነሱ ትቻለሁ።

ሰርኩላሩን ያነበብኩላቸው በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነበር።

«ቃለ ጉባኤ ማለት ምንድን ነው?» አሉ እማማ ዙሌይኻ፣ እጃቸው ከዘንባባው ሳይነሣ።

«በየስብሰባው ማን ምን እንዳለ የሚያሳይ ነው፣ እማማ።»

«አለን።»

«የለንም። እኔ ከመጣሁ ስምንት ወር ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፊደል አልተጻፈም።»

«ስለ ፊደል መቼ አነሣሁብሽ? አለን ነው ያልኩሽ።»

አልገባኝም። ያልገባኝን ደግሞ በራሴ መንገድ የመጨረስ አመል አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን ተቀምጬ የአሥራ ስድስት ወር ስብሰባ ከራሴ ፈጠርኩ። «አጀንዳ አንድ፦ ስለ ዘንባባ አቅርቦት። ጉዳዩ በሰፊው ከተመከረበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» እንዴት ያምር ነበር! ሚኒስትር የጻፈው ይመስል ነበር።

ወስጄ አነበብኩላቸው። ዓሻ፣ ልጇን ያዘለችው፣ ቀልደኛዋ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እኔ ‹ክብርት ሰብሳቢ ሆይ› አልኩ? መቼ? ለማን?»

እማማ ዙሌይኻ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ለማሟላት ያህል ነው።»

«እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ይጠያየቃል። ያየውን፣ የሰማውን ይናገራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የጨመረ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ይቀጣል?»

«ማን ይቀጣዋል? ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም እንጂ። ዝናብ የት እንደዘነበ ቢናገር እንኳ ግመሉን ወደዚያ የሚነዳ አይገኝም። አሁን አንቺ አርባ አንድ ሴት ልታስዋሺ ነው?»

ያን ዕለት ነው ዓይኔ የተገለጠው። በማኅበሩ አንድ ሕግ አለ። ወደ ዒድ ከተማ ዘመድ ጥየቃ የሄደች፣ ወይም ገጠር ደባይሲማ ከከብቶቹ ጋር የከረመች ሴት ስትመለስ፣ ያልነበረችበትን ስብሰባ ሁሉ ሳትሰማ ከሰሌኑ ላይ አትቀመጥም። ከነበሩት አንዷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግራታለች። ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ከሳተች ያርሟታል። የሰማችዋ ደግሞ መልሳ ትናገራለች። አፋርኛዬ ከገበያ የሚያልፍ አልነበረምና፣ እኔ ሞኟ ስምንት ወር ሙሉ ስብሰባው እስኪጀመር ወሬ የሚያወሩ መስሎኝ እርሳስ ስቀርጽ ነበር! ቃለ ጉባኤው ፊት ለፊቴ እየተነበበ እኔ እርሳስ!

የፈጠርኩበትን ደብተር እዚያው ቀደድኩት። ሚኒስትሩም አብረው ተቀደዱ።

በኅዳር ወይዘሪት ከበደች የሚባሉ የኅብረቱ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጡ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ናቸው። የተሰበሰብነው በወይዘሮ እቴናት ማኅበር አዳራሽ ነው፤ አየር የሚያናፍስ ቬንቲላቶር ያለው እዚያ ብቻ ነበርና።

የወይዘሮ እቴናት ቃለ ጉባኤ በመኪና የተጻፈ፣ በቀይ ቆዳ የተጠረዘ ነበር። የእኛ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ያለው ብቻ የተጻፈበት የተማሪ ደብተር። ወይዘሪት ከበደች ሁለቱንም በእኩል ዓይን አገላበጧቸው፤ በዚህ ወደድኳቸው። ቀዩ ላይ ግን አንድ ገጽ ደርሰው ቀና አሉ።

«ጥር ሃያ ቀን 1963 ሁለታችሁም በጋራ ተሰብስባችኋል። ‹ሰሌን ሠሪዎቹ በማኅበራችን ሥር ለመጠቃለል በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል› ይላል። ከተስማማችሁ ታዲያ ዛሬ ለምን መጣችሁ?»

«አልተስማማንም» አሉ እማማ ዙሌይኻ።

«ተጽፏል፤ ፊርማም አለበት» አሉ ወይዘሮ እቴናት።

«የእናንተ ምን ይላል?» አሉኝ ወይዘሪት ከበደች።

ያ ስብሰባ እኔ ከመምጣቴ አንድ ወር በፊት የተደረገ ነው። ስለዚያ ደብተሬ ውስጥ ምንም አልነበረም። እዚያው ላይ ካለቀልን ስማችን ጠፋ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ስለ እኛ የሚናገሩት ወይዘሮ እቴናት ይሆናሉ፣ እኛ «እነዚያ ሰሌን ሠሪዎች» እንባላለን።

ተነሣሁ። «ወይዘሪት፣ የእኛ በአፍ ነው። ይፈትኑት። ዓሻ በዚያን ዕለት እዚህ ነበረች። ሌላዋ አባላችን መዲና ደግሞ አሰብ ውስጥ እንኳ አልነበረችም፤ ዒድ ነበረች፣ የሰማችው ስትመለስ ነው። አንዷን ውጭ አቆይተው ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቋቸው። በአንዲት ነገር ቢለያዩ፣ በወይዘሮ እቴናት ሥር መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«ኧረ ይህቺ ልጅ! ይህን ምላስ ማን አስተማረሽ?» አሉ ወይዘሮ እቴናት።

«ማንም፣ እትዬ። ለዚህ ነው ልክ ያጣው።»

ወይዘሪት ከበደች ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «ይሁን። ግን የምታስተረጉሚው አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። አቶ ዳርዊሽ ተጠሩ፤ የአገሩ ተወላጅ መምህር፣ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ሰው ናቸው።

መዲና ወጣች። ዓሻ ልጇን ወደ ፊት አዙራ ጀመረች። እነማን ወንበር ላይ፣ እነማን መሬት ላይ እንደተቀመጡ ተናገረች። አራንቻታ የሚባለው የብርቱካን ለስላሳ መቅረቡን፣ ከወንበሮቹ ተጀምሮ መሬት ላይ ካሉት ሳይደርስ ማለቁን ተናገረች። (ይህን ጊዜ የመምህራኑ ሚስቶች ጣራ ጣራ አዩ።) እማማ ዙሌይኻ «ስማችንን ይዘን እንረዳዳለን፤ ስማችንን ጥለን አንገባም» ብለው መነሣታቸውን፣ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተከትለዋቸው መውጣታቸውን ተናገረች። ከዚያ ወይዘሮ እቴናት እስከ በር ተከትለው...

አቶ ዳርዊሽ መተርጎም አቆሙ።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሪት ከበደች።

«ይህ... ከስብሰባው ውጭ ይመስለኛል።»

«ተርጉም» አሉ ወይዘሮ እቴናት።

«ወይዘሮ እቴናት በር ላይ ለእማማ ዙሌይኻ እንዲህ አሉ ትላለች፤ ‹እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናንተን ግን ጠየቅኋችሁ። እንቢ ማለት እንዲህ ይቀላል እንዴ?›»

ወይዘሪት ከበደች ወደ ዓሻ ዞረው፣ «ወይዘሮ እቴናት ምን ለብሰው ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ሰማያዊ ቀሚስ» አለች ዓሻ።

እሷን አስወጥተው መዲናን አስገቡ። መዲና ዓይኗን ጨፍና ተናገረች። ወንበሩ፣ መሬቱ፣ አራንቻታው፣ አሥራ ዘጠኙ ሴቶች፣ የበሩ ቃል። ሁሉም እንዳለ፣ በተራው መጣ። በመጨረሻ ወይዘሪት ከበደች ጠየቋት፤ «የወይዘሮ እቴናት ቀሚስስ ምን ዓይነት ነበር?»

መዲና ዓይኗን ገለጠች።

«አልተነገረኝም» አለች። «ያልተነገረኝን አልናገርም።»

ወይዘሪት ከበደች ብዕራቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ያን ጊዜ እንዳሸነፍን አወቅሁ።

ግን ቀድመው የተነሡት ወይዘሮ እቴናት ናቸው። «ብያለሁ» አሉ። «ሁሉም እንዳለችው ነው። አልተስማሙም። ጸሐፊያችን አሳምራ ጻፈችው፣ እኔም አንብቤ፣ ስለጣመኝ ፈረምኩ።» ቀዩን መዝገብ ወደ ራሳቸው ስበው፣ ያችን መስመር በገዛ እጃቸው ሰርዘው ስማቸውን ጎኗ ላይ ጻፉ። በዚያች ሰዓት በእኚህ ሴት ኮራሁ፤ ለማመን ቢከብደኝም ኮራሁ።

«ለመሆኑ ያን አራንቻታ» አሏቸው እማማ ዙሌይኻ፣ «ከየት ነው የሚገዙት?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«እርስዎ እኛ ዘንድ ሲመጡ ከመሬት እንጀምርልዎታለን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ እቴናትም ሳቁ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ወይዘሪት ከበደች ግን የቢሮ ሰው ናቸው። «ደንቡ የተጻፈ ይላል» አሉ። «ባዶ እጄን ብመለስ የሚሰማኝ የለም። እስከ ሐሙስ አውሮፕላን አይነሣም። እናንተ ተናገሩ፣ አቶ ዳርዊሽ ይተርጉሙ፣ ይህቺ ምላሰኛ ትጻፍ። በቃል የተያዘ፣ ዛሬ የተጻፈ ብዬ ምስክር ሆኜ እፈርምበታለሁ።»

አራት ጠዋት ጻፍን፤ በእኛው መጠለያ፣ በሰሌን ላይ። ወይዘሪት ከበደችም ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሴቶቹ በየተራ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይተራረማሉ። የአሥራ ስድስት ወር ስብሰባ ሁለት ደብተር ሞላ፤ አርባ አንድ ሴቶች ጣታቸውን አሳረፉበት። በግንቦት አዲስ አበባ ላይ ስም ሲጠራ አሰብ ሁለት ጊዜ ተጠራች፤ በሁለተኛው የተነሡት እማማ ዙሌይኻ ናቸው። መጽሔቱ ይህን ቢጽፍ ገጹ አይበቃውም ነበር?

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ስብሰባ ነው። የየካቲት 1963፣ እኔን ለመቅጠር የተቀመጡበት። መዲና ስትናገር አቶ ዳርዊሽ ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

«ዓሻ እንዲህ አለች» ብለው ተረጎሙ። «‹ይህች ደገኛ ልጅ ትዕቢተኛ ናት። ከእሷ ጋር ከመቀመጥ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ይሻላል።› ሌላዋ፣ ‹ለቦኖ ውሃው የጻፈችልን ማመልከቻ ግን ማዘጋጃ ቤቱን አስደንግጧል› አለች። እማማ ዙሌይኻ፣ ‹ትሞከር። ካስቸገረችን እናባርራታለን› አሉ። ሁሉም ተስማሙ።»

ሴቶቹ ሁሉ እጄን ያዩ ነበር። ብዕሬን ነከርኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፍኩት። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

ዓሻ እጇን አነሣች።

«ተሳስተሻል» አለች። «‹በጣም ትዕቢተኛ› ነው ያልኩት።»

መዲና ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው፤ ብላለች።

«በጣም» ጨመርኩበት።