ሟቹ ወንድሜና ሲምፎኒው

ወንድሜን የገደልኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ በአንድ ፊርማ ነው። ሰው አይፍረድብኝ፣ ራሱ ለምኖኝ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሲምፎኒ ሲጽፍ ኖረ። የሰዎችን ልጆች ፒያኖ እያስተማረ፣ በተረፈው ሰዓት ስርዝ ድልዝ ነው። ለከተማው ኦርኬስትራ በፖስታ ይልካል፣ በፖስታ ይመለስለታል። ኦርኬስትራው የሞተ ደራሲ ሥራ ካልሆነ አይጫወትም፤ ደንብ ነው። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ መሪውን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

"በሕይወት ያለ ደራሲ ልምምድ ላይ እየመጣ በየኖታው ይነታረከናል" አሉኝ። "ሟቾች ጨዋ ናቸው።"

ይሄ መቼም የጤና አይደለም ብዬ ትቼው ነበር። ግን ሐኪሙ የወንድሜን ጆሮ አይቶ፣ ቀኙ አብቅቶለታል፣ ግራውም ቢበዛ ዓመት ነው አለ። የዚያን ዕለት ወንድሜ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ፣ ሳልደነቁር አንዴ ብቻ ልስማው። ሞቷል በይልኝ።"

ታናሼ ነው፤ እምቢ ብዬው አላውቅም።

የሞት ምስክር ወረቀት ልናወጣ ስንሄድ፣ መዝገብ ቤት ሁለት ምስክር አምጡ አሉን። አንዷ እኔ፣ ሁለተኛው እሱ ራሱ፣ "የአጎቱ ልጅ ነኝ" ብሎ። ጸሐፊዋ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ብትጠይቀው ማቆሚያ አጣ። ሲያመሰግነው፣ ሲያመሰግነው፣ በመጨረሻ እግሩን ረገጥኩት።

ወረቀቱን ከሲምፎኒው ጋር ለኦርኬስትራው ላክሁ። በሳምንቱ መሪው ደወሉ። "ነፍስ ይማር። እንዴት ያለ ሥራ ደብቆን ኖሯል!" አሉ። ዓይን አውጣነት ይሏል ይሄ ነው። ጋዜጣውም "ተወዳጁ ደራሲ" ብሎ ጻፈ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወንድሜ ተወዳጅ መሆኑን የሰማው ፀጉር ቤት ተቀምጦ ነው።

የኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኛ የሐዘን ልብስ ለብሰን ፊት ወንበር ላይ ነን። ወንድሜ ግራ ጆሮውን ወደ መድረኩ አዙሮ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ክፍል ፊቱ በራ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ክንዴን ጨመደደኝ።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "እዚህ ጋ ቫዮሊኖቹ ዝም ማለት ነበረባቸው። ቼሎው ብቻውን ይበቃል። አሁን ገና ገባኝ።"

ጭብጨባው ሳያበቃ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ተከትዬው ሮጥኩ። መሪውን "ከሁለተኛው ክፍል ቫዮሊኖቹን ያውጡልኝ" አላቸው።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"የአጎቱ ልጅ።"

መሪው የኖታውን ደብተር ወደ ደረታቸው ሳቡ። "ጌታዬ፣ እኔ ቆሜ ከሟቹ ሥራ አንዲት ኖታ አትነካም። ዓመቱን ሙሉ እንዳለ እንጫወተዋለን። ዘመድ ሆነው እንዴት አያከብሩትም?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እኔ መሆኔን ንገሪያቸው።"

ሙዚቀኞቹ ሁሉ አፍ አፌን ያዩኛል። በሕይወት አለ ካልኩ ሲምፎኒው ከነገ ጀምሮ ይቀራል። ሞቷል ካልኩ ስህተቱን ይዞ ይኖራል።

"ሐዘኑ ጎድቶት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉለት" አልኩ።

እጁን ይዤ አወጣሁት። እስከ ቤቱ ድረስ እጄን አልለቀቀም፤ የቼሎውን ዜማ ብቻውን ያንጎራጉር ነበር።