የክሽክሹ ዘመቻ

መምህር ወልደኢየሱስ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቢራቢሮ የሚያረቡበትን የመስታወት ቤት ቁልፍና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ለእቴነሽ ትተውላት ነበር። እቴነሽ የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ መሠረተ ትምህርት ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። በስሟ የተጻፈ ወረቀት ደርሷት ስለማያውቅ በጣቷ እየተከተለች ሦስት ጊዜ አነበበችው። «መርዝ አይግባ፤ ቢራቢሮዎቹ ያልቃሉ። ቅጠሉን የሚመጠውን ክሽክሽ የሚባል ተባይ በሳሙና ውሃ እጠቢ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ። አባጨጓሬዎቹን አትንኪ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገባት። ቢራቢሮዎቹ ቢያልቁ ሥራዋ ይሄዳል፤ ሥራዋ ከሄደ ልጇ ብርቱካን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ስለዚህ አባጨጓሬዎቹ የሚመገቡትን የሎሚ ቅጠል አንድ በአንድ፣ የልጇን ጆሮ እንደምታጥብ ሁሉ፣ ጀርባውን እየገለበጠች ታጥብ ጀመር። አባጨጓሬ በነካች ቁጥር «ይቅር በለኝ፣ አላየሁህም» ትላለች።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ሰው አለነ የመድኃኒት መርጫ አዝሎ ከች አለ። ቅዳሜ ኮሌጁን የሚጎበኙ እንግዶች ከክፍለ ሀገር ይመጣሉ።

«ይህ ሁሉ ተባይ አብዮቱን ያሳፍራል! ዘወር በይ፣ ልርጨው።»

«ምነው አያ አለነ? ቢራቢሮዎቹስ?»

«ጓድ በይኝ! ቢራቢሮ ክንፍ አለው፤ ይሸሻል።»

«በሩ ተዘግቶ ወዴት ይሽሽ?»

አለነ መርጫውን ለማዘጋጀት አየር ይነፋበት ጀመር። የቀበሌ ሰው እንዴት ይከለከላል? እቴነሽ የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን አወጣች።

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ» አለች የእርሳሱን ጫፍ በምላሷ እያራሰች። «መርዙን ማን እንዳስገባ ልጻፍ። መምህሩ ሲጠይቁኝ አሳያለሁ።»

ማስፈራራቷ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብላ እየጠራች ጻፈች፦ «እኔ… ጓድ… አለነ… ኃይለ ጊዮርጊስ…» ቀና አለች። «የአያትዎን ስም ማን ልበል? ሙሉ ስም ካልሆነ ዋጋ የለውም ብሎናል አስተማሪያችን።»

አለነ መንፋቱን አቆመ። በዚያ ዘመን ስሙ ወረቀት ላይ ሰፍሮ በሰላም ያደረ ሰው ትዝ አልለው አለ።

«የአያቴን ስም ምን ያደርግልሻል?»

«በእርስዎ ፈንታ ሌላ አለነ እንዳይጠየቅ ብዬ ነው።»

ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። «ያ… የሳሙናው ነገር፣ ይሠራል?»

«ቀስ ካሉ ይሠራል።»

መርጫውን ውጭ አስቀምጦ ተመለሰና እጅጌውን ሰበሰበ። «መጀመሪያ ስሜን አጥፊልኝ።»

ላጲስ ስላልነበራት ገጹን ገንጥላ ሰጠችው። አራት ቦታ አጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተና ወደ ሎሚው ጎንበስ አለ።

«ሸጋ ነው» አለችው እቴነሽ። «ጀርባውንም ይገልብጡ።»