በመርከቧ ጎን ያለው በር

ባሕር ኃይሉ ሲበተን አምቦ ተመለስኩ። ሥራ ስላጣሁ ከዋንዛ እንጨት አንዲት ክንድ የምታህል ባለ ሸራ መርከብ ስጠርብ ከረምኩ። ገመዶቿን ከጥጥ ፈትል ገመድኩ፤ ሸራዎቿን ከአቡጀዲ ሰፋሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ሚልኬሳ ሊጠይቁኝ መጥተው አዩዋት።

“የኖኅ መርከብ! ለሰንበት ትምህርት ልጆች ትሁን” አሉ። “ግን ተሬፋ፣ እንስሶቹ በየት ይገባሉ? ኖኅ ደግሞ ሸራ አልነበረውም።”

የኖኅ አይደለችም ብል ማን ሰምቶኝ!

እሳቸው ሲሄዱ ምሰሶዎቹን ከነሸራቸው ነቀልኩ። ከዚያ ጎኗን በመሮ በሳሁት፤ በር መሆኑ ነው።

ምጽዋ ላይ መርከባችን የተመታችው ልክ እዚሁ ጎኗ ላይ ነበር። ስድስት ጓደኞቼ ከታች ክፍሏ ውስጥ ነበሩ፤ አልወጡም።

የበሩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ የልጆቹን እጅ እንዳይቧጭር።